ጭረት አጥፊው ስፕሬይ ምን ያጠፋል?

ቴሌግራም ወይም ቲክቶክ የሚከፍት ሰው ይህን ዓይነት ማስታወቂያ ሳያይ አይቀርም። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ መኪና አለ። በሩ ላይ በቁልፍ የተፋቀ የሚመስል ረጅም ነጭ መስመር አለ። አንድ እጅ ጣሳ ያነሳል፣ ፍስስ ያደርጋል፣ በጨርቅ አንዴ ጠረግ ያደርጋል፤ መስመሩ የለም። ከሥር ጽሑፉ ይከተላል፦ «ጋራዥ መሄድ ቀረ! ማንኛውም ጭረት በ1 ደቂቃ! ለሁሉም ቀለም የሚሆን! ኦሪጅናል! ያሉበት ድረስ እናደርሳለን!» ከዚያ ስልክ ቁጥር። የድርጅት ስም የለም፣ አድራሻ የለም፣ ጣሳው ውስጥ ምን እንዳለ የሚናገር አንድ መስመር እንኳን የለም።

በዚህ ጽሑፍ የማነሳው ጥያቄ አጭር ነው። ይህ ዕቃ የተባለለትን ያደርጋል ወይ? መልሱ ግን «አዎ» ወይም «አይ» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ጥቂቱን ያደርጋል፣ አብዛኛውን አያደርግም፣ አንዳንዴ ደግሞ ያባብሳል። የትኛው መቼ እንደሆነ ማወቅ ዛሬ ከትናንቱ የበለጠ ገንዘብ ያድናል። ለምን ዛሬ? እሱን ላስቀድም።

ጭረት የኢኮኖሚ ጉዳይ ሲሆን

እዚህ አገር መኪና መጓጓዣ ብቻ አይደለም፤ ቁጠባም ነው። ሌላው ዓለም ላይ መኪና ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ዋጋው እየወረደ ይሄዳል። እኛ ዘንድ ግን አምስት ዓመት የነዳውን መኪና ከገዛበት በላይ የሸጠ ሰው ማግኘት ብርቅ አይደለም። ምክንያቱም ሚስጥር አይደለም። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ ውድ አደረገው። በጥር 2016 መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ለቀቀው፤ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። መኪናው ብቻ ሳይሆን መለዋወጫው፣ የመኪና ቀለሙ፣ ማጠንከሪያው በአብዛኛው ከውጭ ነው የሚመጣው። ጎንደር ላይ ደግሞ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው መንገድ ይጨመርበታል። መንገዱ በተስተጓጎለ ቁጥር አንድ ጣሳ ቀለም እንኳን የራሱን ጭማሪ ይዞ ይደርሳል።

ስለዚህ መኪናው ሲወደድ ጭረቱም ይወደዳል። መድን አለ አይደል እንዳትሉኝ። በሕግ የሚያስገድደው የ3ኛ ወገን መድን ነው፤ አዋጅ ቁጥር 799/2005። እሱ ደግሞ እናንተ በሌላው ላይ ያደረሳችሁትን ጉዳት እንጂ የገዛ በራችሁን ጭረት አይመለከትም። ሙሉ መድን የገባ ሰውም ለአንድ ጭረት ብሎ መዝገብ አያስከፍትም፤ ከራሱ ኪስ የሚሸፍነው ድርሻ ከጥገናው ሊበልጥ ይችላልና።

ማራኪ ላይ ይሄ ነገር በባጃጅ በኩል ይበልጥ ይታያል። ከዩኒቨርሲቲው ግቢ በር ወደ ፒያሳ ከሚመላለሱት ባጃጆች ላይ ከሚሠሩት ወጣቶች ብዙዎቹ ባለቤት አይደሉም። ቀኑን ሙሉ ሠርተው የተስማሙበትን ገቢ ለባለቤቱ ያስረክባሉ፣ ነዳጁን ይችላሉ፣ የተረፈው የእነሱ ነው። ታዲያ ጭረቱስ የማን ነው? አብሮኝ ኢኮኖሚክስ የተማረ፣ አሁን ባጃጅ የሚሠራ ልጅ እንዲህ አለኝ፦

«ባለቤቱ ማታ ሲረከበኝ በስልኩ መብራት ዞሮ ነው የሚያያት። አዲስ ጭረት ካለ ከኔ ገቢ ላይ ነው የሚቆረጠው። ስፕሬዩን የምገዛው ባጃጇ እንድታምር ብዬ መሰለሽ? ለዚያች ለማታዋ ደቂቃ ነው።»

ክፍል ውስጥ «የወካይና የተወካይ ችግር» እያልን የተማርነው ነገር ማለት ይሄው ነው። ዕቃውን የሚያንቀሳቅሰው አንድ ሰው፣ የዕቃው ዋጋ የሚመለከተው ሌላ ሰው። ለልጁ ስፕሬዩ አንድ ማታ ካሳለፈለት ሠርቷል። ለባለቤቱ ግን ጭረቱ እዚያው ነው፤ ዝገቱ ሲወጣ ነው የሚያውቀው። «የጠገበው ማታለል» ሳይሆን የጠበበው ኑሮ ነው ይህን ገበያ የሚነዳው። ማስታወቂያውን አምነው የሚገዙትን መቀለጃ ማድረግ ቀላል ነው፤ እኔ ግን የሚያስቅ ነገር አይታየኝም።

የተጫረው የቱ ነው?

ስለ ስፕሬዩ ከመፍረዳችን በፊት ጭረቱን እንወቀው። ከፋብሪካ የወጣ ዘመናዊ መኪና ቀለሙ አንድ ሽፋን አይደለም። ከታች ላሜራው አለ። በላዩ ላይ ዝገት የሚከላከል ሽፋን፣ ከዚያ መደብ ቀለም፣ ከዚያ የምናየው ቀለም፣ በመጨረሻ ባለሙያዎቹ «ክሊር» የሚሉት መስታወት መሳይ ሽፋን ይመጣል። ሁሉም ተደምሮ ውፍረቱ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ገደማ ነው። አንድ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ውፍረት ወደ 100 ማይክሮን ስለሆነ፣ ያ ሁሉ ሥራ ከአንድ ወረቀት ብዙም አይበልጥም ማለት ነው። ክሊሩ ብቻውን ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ነው፤ ከፀጉር ዘለላ ይቀጥናል።

እንግዲህ ጭረት ሁሉ ጭረት አይደለም። አቧራ የያዘ ጨርቅ ወይም የላቫጆ ስፖንጅ የሚተወው ድር መሰል ጭረት ክሊሩን ብቻ ነው የሚነካው። ለዓይን ነጭ የሚመስለው ቀለሙ ጠፍቶ አይደለም፤ ብርሃኑ በጭረቱ ጠርዝ ላይ ስለሚሰባበር ነው። ሁለተኛው ክሊሩን አልፎ ቀለሙ ውስጥ የገባ ጭረት ነው፤ እዚህ ላይ የጎደለ ቀለም አለ። ሦስተኛው ላሜራው ድረስ የደረሰ ነው። እዚህ ላይ ጉዳዩ የመልክ መሆኑ ቀርቶ የዝገት ይሆናል።

ልዩነቱን ለማወቅ ማሽን አያስፈልግም። ቦታውን አጥቡት፣ አድርቁት፣ ከዚያ ጥፍራችሁን በጭረቱ ላይ አግድም ጎትቱት። ጥፍሩ ሳይሰናከል ካለፈ ጭረቱ ላይ ላዩን ነው። ጥፍሩ ከተያዘ ጥልቅ ነው። ውስጡ ግራጫ ወይም ቡናማ ከታየ ላሜራው ተገልጦ ሊሆን ይችላል። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ስሌት ላይ እመለስበታለሁ።

ጣሳው ውስጥ ያለው

በገበያው ላይ «ጭረት አጥፊ» በሚል ስም የሚሸጡት ነገሮች በሥራቸው አራት ዓይነት ናቸው። ችግሩ ማስታወቂያው አራቱንም በአንድ ስም መጥራቱ ነው።

የመጀመሪያው ሰም ወይም ሲሊኮን የያዘ ማብረቅረቂያ ነው። ጭረቱን አይጠግንም፤ ይሞላዋል። ቦታው በዘይት እንደታሸ ቆዳ ስለሚሆን ብርሃኑ መሰባበሩን ያቆምና ጭረቱ ከዓይን ይሰወራል። ሳሙና፣ ፀሐይና ዝናብ ሲያጥቡት ተመልሶ ይመጣል። «ናኖ» የሚል ስም ተለጥፎባቸው የሚመጡት ብዙዎቹ ከዚህ ወገን ናቸው።

ሁለተኛው ደቃቅ መፋቂያ ያለው ፖሊሽ ነው። ይህ እውነተኛ ሥራ ይሠራል። ከጭረቱ ዙሪያ ያለውን ክሊር በጥቂቱ ፍቆ ደረጃውን ያስተካክላል። ግን ያስተካከለው እየቀነሰ ነው፤ 40 ማይክሮን ላይ በየወሩ ፖሊሽ የሚያደርግ ሰው አንድ ቀን ክሊሩን ይጨርሰዋል። በዚያ ላይ ብዙዎቹ አሮጌ መኪናዎቻችንና በድጋሚ የተቀቡት ክሊር የላቸውም። ፖሊሽ ስታደርጉ ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ከያዘ፣ እየፋቃችሁት ያላችሁት ቀለሙን ራሱን ነው።

ሦስተኛው ባለቀለም ስፕሬይ ነው። ቀለም ይጨምራል፣ ያ እውነት ነው። «ለሁሉም ቀለም» የሚለው ግን ፈጽሞ ሊሆን አይችልም። የመኪናው ቀለም የራሱ መለያ ቁጥር አለው፤ አብዛኛውን ጊዜ በሹፌሩ በር መቃን ወይም ኮፈኑ ሥር ተለጥፎ ይገኛል። ቁጥሩ ቢገኝ እንኳን አሥር ዓመት ፀሐይ የመታው ቀይ ከአዲሱ ቀይ ጋር አይገጥምም። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ደባርቅ ከዚያም ከፍ ትላለች። ቀለም የሚያደበዝዘው የፀሐይ ጨረር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የደጋ መኪና ቀለሙ ቶሎ የሚደበዝዘው ያለ ምክንያት አይደለም።

አራተኛው የክሊር ስፕሬይ ነው። ሁለት ነገር ተቀላቅሎ የሚጠነክረው ዓይነት ጥሩ ውጤት ይሰጣል፤ ግን ማጠንከሪያው አይሶሳይኔት የሚባል ኬሚካል ይይዛል፤ ያለ ተገቢ መከላከያ የሚተነፍሰውን ሰው ለአስም ሊዳርግ ይችላል። ግቢ ውስጥ ልጆች እየተጫወቱ የሚረጭ ነገር አይደለም።

ስለ «9ኤች» ጥንካሬም አንድ ነገር ልበል። ማስታወቂያዎቹ እንደ አልማዝ ሊያስመስሉት ይፈልጋሉ። 9ኤች ግን የእርሳስ መለኪያ ነው። በተለያየ ጥንካሬ በተሠሩ እርሳሶች ሽፋኑ ላይ ተጭሮ የሚለካ ማለት ነው። የማዕድናት ጥንካሬ ከሚለካበት ሚዛን ጋር አይገናኝም። እርሳስ ያልጫረው ነገር በቁልፍ አይጫርም ማለት አይደለም።

በሩ ላይ የሞከርነው

ከላይ ያለው ሁሉ ትምህርት ነው፤ እስቲ ዓይናችን ይየው ብለን ከባጃጅ ሠሪው ጓደኛዬ ጋር በቴሌግራም የገዛውን ጣሳ ይዘን ማራኪ ውስጥ አንድ ባቲላሜራ ቤት ሄድን። ቀለም ቀቢው ትልቅ ሰው ናቸው። አንድ ከጥቅም ውጪ የሆነ የሚኒባስ በር ሰጡንና «እዚህ ላይ እንደፈለጋችሁ ተጫወቱ» አሉን። ይህ ላቦራቶሪ አይደለም፤ አንድ በር፣ አንድ ጣሳ፣ ሦስት ጭረት ነው። ግን ማስታወቂያው ራሱ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላቀረበም።

የመጀመሪያውን በዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ሻካራ ጎን አሸነው። ሁለተኛውን በቁልፍ ቀለሙ ውስጥ እስኪገባ ጫርነው። ሦስተኛውን በሚስማር ላሜራው እስኪታይ አወጣነው። የእያንዳንዱን ግማሽ በፕላስተር ሸፍነን በቀረው ላይ ረጨን፣ ጠረግን።

በዚያች ቅጽበት ማስታወቂያው ልክ ነበር ማለት ይቻላል። የስፖንጁ ጭረት ጠፋ። የቁልፉ ከሩቅ አይታይም ነበር፣ ሲጠጉት አለ። የሚስማሩ ጠቆረ እንጂ አልጠፋም። ጓደኛዬ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳና «አየሽ?» አለኝ። ሰውዬው ግን በጥፍራቸው የቁልፉን ጭረት ነካ አድርገው ሳቅ አሉ።

«ልጄ፣ ይሄ ቅባት ነው። እኔን አትስሚኝ፣ ዝናብ ይንገርሽ።»

በሩን ደጅ አቆምነው። ክረምት ስለነበር ዝናቡ አልጠፋም፤ በየሁለት ሦስት ቀኑም በሳሙና አጠብነው። ከአምስት እጥበት በኋላ የስፖንጁ ጭረት በአብዛኛው ተመልሷል፤ ከተሸፈነው ግማሽ ጋር ሲተያይ የሚለየው በጥቂቱ ነው። የቁልፉ ጭረት ምንም እንዳልተደረገለት ሆኗል። የሚስማሩ መስመር ደግሞ ዳርና ዳሩ ቡናማ ጀምሮታል።

ከሁሉ በላይ የገረመኝ ግን ሰውዬው ቀጥለው የነገሩኝ ነው። «የኔ ችግር ጭረቱ አይደለም። ይህን ተቀብቶ ቆይቶ ወደኔ ሲመጣ ነው ችግሩ። ቀለሙ አይዝልኝም፣ ዓይን ዓይን ያወጣል።» እውነታቸውን ነው። ሲሊኮን የነካው ቦታ ላይ አዲስ ቀለም ሲረጭ ቀለሙ ይሸሻል፣ ክብ ክብ ጉድጓድ ይሠራል። ስለዚህ ቀቢው ቦታውን በፈሳሽ ደጋግሞ ማጽዳት፣ በብርጭቆ ወረቀት ከወትሮው በላይ መፋቅ አለበት። ያ ጊዜ ነው፤ ጊዜ ደግሞ ሂሳብ ነው። «ጋራዥ መሄድ ቀረ» ያለው ጣሳ የጋራዡን ሂሳብ ጨመረው ማለት ነው።

ካሜራው ፊት የሚሆነው

«ታዲያ ቪዲዮው ላይ በዓይናችን አየነው እኮ!» የሚል አለ። ልክ ነው፣ አይታችኋል። ያያችሁት ግን ምንድን ነው? ነጭ የጠመኔ ወይም የሰም መስመር በጥቁር መኪና ላይ ከርቀት ጭረት ይመስላል፤ በጨርቅ ይጠፋል። ሌላ መኪና ታክኮ የተወው ቀለምም እንዲሁ ጭረት ይመስላል፤ በተጨማሪ የተለጠፈ እንጂ የጎደለ ነገር ስለሌለ በቤንዚን ጨርቅም ይለቃል። እርጥብ ቦታ ሁሉ ጭረት ይደብቃል። ቪዲዮው የሚቆመው ደግሞ ሁልጊዜ ከመድረቁ በፊት ነው። መብራቱ ትንሽ ቢዞር ጭረቱ ይጠፋል፤ ይህን ለማረጋገጥ መኪናችሁን በማታ ከአምፖል ሥር ዞራችሁ ማየት ይበቃል።

ነገሩ አዲስም አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ኮልጌት ፓልሞሊቭ የሚባለው ኩባንያ የመላጫ ክሬሙ ብርጭቆ ወረቀትን እንኳን እንደሚያለሰልስ በቴሌቪዥን አሳይቶ ነበር፤ ክሬሙ ተቀባ፣ ምላጩ አለፈ፣ አሸዋው ተላጨ። ኋላ ሲጣራ የታየው ብርጭቆ ወረቀት ሳይሆን አሸዋ የተነሰነሰበት ፕላስቲክ ሆኖ ተገኘ። እውነተኛው ወረቀት እንዲላጭ 80 ደቂቃ ገደማ መዘፍዘፍ ነበረበት። ጉዳዩ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1965 ተወሰነ፤ ማስረጃ ነው ብላችሁ ለተመልካች የምታሳዩት ነገር ራሱ እውነተኛ መሆን አለበት ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1990 ደግሞ ቮልቮ ግዙፍ ጎማ ያለው መኪና ሲወጣበት የማይጨፈለቅ መኪናውን አስተዋወቀ። ለማስታወቂያው የቀረበው መኪና ከውስጥ የተደገፈ፣ የተፎካካሪዎቹ መኪናዎች ደግሞ ምሰሶአቸው የተዳከመ መሆኑ ታወቀ። ስም ያለው፣ ፋብሪካ ያለው፣ ሊከሰስ የሚችል ኩባንያ ይህን ካደረገ፣ ስልክ ቁጥር ብቻ ያለው የቴሌግራም ቻናል ምን ያደርጋል?

ስሌቱ

ኢኮኖሚስቶች ዕቃን ከመግዛት በፊት በማየት የሚታወቅና ከተጠቀሙበት በኋላ የሚታወቅ ብለው ይለያሉ። ብርቱካን በመጀመሪያው ወገን ነው፤ ታየዋለህ፣ ታሸተዋለህ። ስፕሬዩ በሁለተኛው ወገን ነው። በዚህ ዓይነት ገበያ ሻጩን ታማኝ የሚያደርገው ደንበኛው ተመልሶ መምጣቱ ነው። ሰፈራችን ያለው ባለ ሱቅ የተበላሸ ዘይት የማይሸጥልን ነገም ስለምንመጣ ነው። አንድ ጊዜ ሸጦ ስሙን ቀይሮ ሌላ ቻናል የሚከፍት ሻጭ ግን የነገ ደንበኛ አያስፈልገውም። ከሚሊዮን ተመልካች ጥቂት ሺህ አንዴ ቢገዙት ይበቃዋል። ስለዚህ ማስታወቂያው የሚዋሸው ሻጩ ክፉ ሰው ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ መዋሸት ምንም ስለማያስከፍለው ነው።

አሁን ወደ ገዢው እንምጣ። ቁጥሮቹ ለስሌት ያህል የወሰድኳቸው ናቸው፣ በሰፈራችሁ ዋጋ ለውጧቸው። ጣሳው 1,500 ብር፣ ቦታውን ማስቀባት 6,000 ብር ነው እንበል። ስፕሬዩ ከ4 ጊዜ 1 ጊዜ እንኳን ቢሠራ ገንዘቡን ይመልሳል። ማራኪ የሚያደርገውም ይሄ ነው፤ ርካሽ ሎተሪ ይመስላል። ግን ሳይሠራ ሲቀር ቀቢው ለማጽዳት 1,000 ብር ቢጨምርብን ስሌቱ ይለወጣል፤ አሁን ከ100 ጊዜ 36 ጊዜ መሥራት አለበት። በሳምንታት ውስጥ ታጥቦ የሚሄድ ከሆነና አራት ጊዜ ከገዛነው ደግሞ 6,000 ብሩ አለቀ፤ ጭረቱ ግን አለ።

ያም ሆኖ የሎተሪውን ዕጣ ሳንገዛ ማወቅ እንችላለን። ጥፍር አልያዘም? ተራ ፖሊሽ ይበቃል፤ ተአምረኛ ጣሳ አያስፈልግም። ጥፍር ያዘ? ጣሳው የሚያደርገው ነገር የለም። ጥፍራችሁ በነፃ የሚገኝ መረጃ ነው፤ ማስታወቂያው የሚሸጠው ይህን መረጃ የማያውቀውን ሰው ነው።

ፍትሐዊ ልሁን። ለስፕሬይ የሚሆን ቦታ አለ። መኪናውን ነገ ለሰርግ የሚያውለው ሰው ለአንድ ቀን ማብረቅረቂያ ቢገዛ አልተታለለም፤ የገዛው አንድ ቀን ነው፣ ያገኘውም አንድ ቀን ነው። ሙሉ ቀለም የማይችል ሰው ላሜራው የተገለጠበትን ጭረት አጽድቶ በትንሽ ብሩሽ ፀረ ዝገትና ተቀራራቢ ቀለም ቢነካካው፣ ባያምርም ብልህ ሥራ ነው፤ በሩን ከክረምት ያተርፈዋል። ክርክሬ ከርካሽ ጥገና ጋር አይደለም። ርካሽ መደበቂያን ጥገና ብሎ ከመሸጥ ጋር ነው።

ሁለተኛው ተጎጂ

የእኔን ቁጣ የሚያመጣው ግን ከስፕሬዩ ገዢ ኋላ የቆመው ሰው ነው፦ የመኪናው ገዢ። ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመውና ኋላ በ2001 የኖቤል ሽልማት ካስገኙለት ሥራዎች ዋነኛው በሆነው ጽሑፉ ያነሳው ምሳሌ ያገለገለ መኪና ነው። ሻጩ ጉድለቱን ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም። ገዢው እንዳይታለል ስለሚፈራ ለሁሉም መኪና ዝቅ ያለ ዋጋ ያቀርባል። ጥሩ መኪና ያለው ሰው በዚያ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ይወጣል። ገበያው ላይ መጥፎው ይቀራል።

ስፕሬዩ ይህን ክፍተት ያሰፋዋል። ጠዋት ተረጭቶ ረፋድ ላይ ለገዢ የሚታይ መኪና አለ። አንድ ቤተሰብ ያለውን አሟጦ፣ ዕቁብ ጥሎ፣ ከወንድም ከእህት ተበድሮ የገዛው መኪና ወይም ባጃጅ ሦስት ሳምንት ቆይቶ የበሩ ግርጌ ዝገት ያሳየዋል። ጭረቱ ትንሽ ነገር ነው ትሉ ይሆናል። ግን ሻጩ ጭረቱን ከደበቀ ሌላ ምን ደብቋል? ታማኙ ሻጭስ ጭረቱን እንዳለ ስላሳየ ለምን ዋጋ ይውረድበት? ማስታወቂያው የጠፋው ጭረት ነው ይለናል፤ እኔ እንደሚታየኝ የጠፋው መተማመን ነው።

ሕጉ የት ነው?

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል፤ ነጋዴው ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ዕቃው ጉድለት ካለበትም ሸማቹ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። በ2012 ደግሞ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ወጥቷል። ወረቀቱ ላይ ድሆች አይደለንም።

ክፍተቱ ሌላ ቦታ ነው። የማስታወቂያ አዋጁ ሲወጣ ቲክቶክ የሚባል ነገር አልነበረም፤ በሬዲዮ፣ በጋዜጣና በመንገድ ዳር ሰሌዳ ዘመን የተሠራ መረብ ነው። የሸማቾች ጥበቃውን ይዞ የነበረው ባለሥልጣን በ2014 ፈርሶ ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ገብቷል። ሚኒስቴሩ ስኳር፣ ዘይትና ሲሚንቶ እያሳደደ አንድ ጣሳ ስፕሬይ ይከታተላል ብዬ አልጠብቅም። ግን ጣሳውን መከታተልም አያስፈልገውም። በማኅበራዊ ሚዲያ የሚሸጥ ሁሉ የንግድ ፈቃድ ቁጥሩንና አድራሻውን ማስታወቂያው ላይ ይጻፍ የሚል አንድ ግዴታ ቢከበር ግማሹ ችግር ይቀልላል። ስም ያለው ሰው ሲዋሽ ያስከፍለዋል፤ ስም የሌለው ግን ምንም አይጎድልበትም። የጎንደር ከተማ ንግድና ገበያ ልማት መምሪያም ሱቆች ላይ ለተደረደሩት ጣሳዎች አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ በቂ ነው፦ ውስጡ ያለው ምንድን ነው፣ ገዢው በሚያነበው ቋንቋ የት ተጽፏል?

እስከዚያው

እስከዚያው ግን ሥራው የኛው ነው። መጀመሪያ በጥፍር ሞክሩ። ጥፍር ካልያዘ ተራ ፖሊሽ ግዙና መጀመሪያ በማይታይ ቦታ ላይ ሞክሩት። ከያዘ ገንዘባችሁን ለቀቢ አስቀምጡ። ላሜራው ከታየ ቀቢ እስክታገኙ ፀረ ዝገት ቀለም ቀቡት፣ ዝናብ አይጠብቃችሁም። ስፕሬይ ከገዛችሁ ደረሰኝ ጠይቁ፤ ደረሰኝ የለኝም ያለ ሻጭ 15 ቀኑን ከወዲሁ ወስዶባችኋል። ጣሳውን ቡና ከሚፈላበት ከሰል አጠገብም ሆነ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አትተዉት፤ ሙቀት ሲበዛበት ይፈነዳል። ያገለገለ መኪና የምትገዙ ከሆነ መጀመሪያ በሳሙና ይታጠብልን በሉ፣ ከዚያ ደርቆ በፀሐይ እዩት፤ አይታጠብም የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ መልሱን አግኝታችኋል።

ለባጃጅ ባለቤቶችም አንድ ቃል አለኝ። ለጭረት ሁሉ ከልጁ የዕለት ገቢ ከቆረጣችሁ የምትገዙት ጥንቃቄ አይደለም፤ መደበቅን ነው። ትንሿን ጭረት በዕለቱ የነገራችሁ ልጅ እንዳይቀጣ ብትስማሙ፣ ጥገናውንም ብትጋሩ፣ ዝገት ሳይጀምር ታውቁታላችሁ። ጓደኛዬ ይህን ሐሳብ ለባለቤቱ ሊያቀርብለት አስቧል። ከተስማሙ የሚቀጥለውን ጣሳ አይገዛም።